ደንገጎን መውጣቷን ሁሉም ጠየቀ፣ መውረዷን ማንም፦ ወደ ኤሌክትሪክ የተቀየረች የአንዲት ሀረር ፔጆ የጉዳይ ጥናት

ድሬ ውስጥ አሮጌ መኪና ወደ ኤሌክትሪክ እየቀየርኩ ነው ካልክ የሚመጣልህ ጥያቄ አንድ ነው፣ "ደንገጎን ትወጣለች?" ደንገጎ ከድሬ ወደ ሀረር ስትሄድ ያለው ትልቁ ዳገት ነው። ሻይ ቤት የተቀመጠው ጠየቀኝ፣ ባጃጅ ነጂው ጠየቀኝ፣ ቶርኖ ቤት ያለው ሰውዬ ብረቱን እየላጠ ጠየቀኝ፣ አጎቴማ በቀን ሁለቴ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ራሴ ለወራት ወረቀት ላይ ሳሰላ የከረምኩት እሱን ነው። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ አዎ ትወጣለች፣ ያውም ሳታቃስት። ግን ጥያቄው ግማሹ ብቻ ነው፣ የቀረውን ግማሽ እኛ ያገኘነው መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ቁልቁለት ላይ ነው፣ ሌላ ሰው በዛ መንገድ እንዳያገኘው ብዬ ነው ሁሉንም ከነዝርዝሩ የምጽፈው።

መኪናዋ ፔጆ 404 ናት፣ በፈረንጅ የ1966 ሞዴል። ለሀረር ሰው ፔጆ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፣ ስንት ዓመት ታክሲ ሆና ከሀረር በር ፈረስ መጋላ ስትመላለስ የኖረች ናት፣ የጁገል ልጅ ሆኖ በፔጆ ወደ ሆስፒታል ያልሄደ ወይ በፔጆ ሙሽራ ያልሸኘ ካለ ጥቂት ነው። ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው የነደፋት፣ ከ1960 ጀምሮ ተመረተች፣ ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሆኖ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የተቀመጠው፣ ኮፈኗ ዝቅ ያለው ለዛ ነው። የምስራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈችው ይቺው ናት፣ ስለዚህ አፍሪካ መንገድ ላይ ጠንካራ ናት ሲባል ዝም ብሎ የመካኒክ ወሬ አይደለም፣ በውድድር የታየ ነገር ነው።

ባለቤቷ የእናቴ ወንድም ነው፣ ሀረር ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ በድሬ ወግ አንተ ነው የምለው። እኔ ድሬ ሳቢያን አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነኝ። 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መኪናዋን አስጎትቶ አመጣት። ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ፒስተን ፋሻ ተቀይሮ ተቀይሮ ሲሊንደሩ ራሱ አልቋል፣ መለዋወጫ የሚገኘው ከሌላ የሞተች ፔጆ ላይ ተፈቶ ነው፣ የሞቱትም እያለቁ ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ወይ ሰልፍ ነው ወይ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ነው፣ የሃይላንዱን ቤንዚን ከቀዳህ ካርቡሬተሩን በየሳምንቱ ፈተህ ታጥባለህ። ሌላ መኪና ግዛ እንዳይባል በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግስት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን ተናገረ፣ ያገለገለ መኪና ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ አዋጅ ወዲህ ከሰባት ዓመት በላይ ከሆነው እስከ 500 ፐርሰንት ድረስ ነው ቀረጡ፣ አዲሶቹ የቻይና ኤሌክትሪኮች ደግሞ ለአንድ ጡረታ የወጣ ታክሲ ነጂ የሚቀመሱ አይደሉም። እሱ ደግሞ ሌላ መኪና አይፈልግም፣ እሷኑ ነው የሚፈልገው። "አቦ ባቡሩስ በኤሌክትሪክ ሄዶ የለ?" አለኝ አንድ ቀን ከዚራ ቁጭ ብለን። አስቡት፣ በፈረንጅ በ1902 ፈረንሳዮቹ ያመጡት ሀዲድ ነው ይሄን ከተማ የፈጠረው፣ አሁን ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በ25 ሺህ ቮልት ነው የሚጎተተው። የፈረንሳይ ባቡር ከተቀየረ የፈረንሳይ መኪና ለምን አይቀየርም፣ ክርክሩ ይሄ ነበር፣ መልስ አጣሁለት።

ብረት ከመንካቴ በፊት ፋብሪካዎቹ ራሳቸው አሮጌ መኪና ሲቀይሩ ምን እንዳደረጉ ማየት ፈለግኩ፣ ምክንያቱም እነሱ መሀንዲስ አላቸው እኔ የለኝም። በጣም የጠቀመኝ የቮልስዋገን ስራ ነው። በፈረንጅ በ2019 ኢክላሲክስ ከሚባል ድርጅት ጋር ሆነው የድሮዋን ቮልስ፣ እኛ ሁላችን የምናውቃትን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ቀየሩ፣ 82 የፈረስ ጉልበት፣ 36.8 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ፣ 1,280 ኪሎ ክብደት፣ 200 ኪሎሜትር ርቀት። አዲስ ነገር አልፈጠሩም፣ የራሳቸውን ትንሿን ኤሌክትሪክ መኪና እቃ አውጥተው ነው ያስገቡት፣ ከዛ ክብደት ስለጨመረ ሻንሲውንና ፍሬኑን አጠናከሩ። ይቺን "ፍሬኑን" የምትለዋን ቃል ያኔ አንብቤ አልፌያት ነበር፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጃጓር ኢ ታይፕን በኤሌክትሪክ ሰርቷል፣ በ2018 የእንግሊዙ ልዑል ሃሪ ሰርጉ ላይ የነዳት እሷ ናት። አስቶን ማርቲን ደግሞ በዛው ዓመት ሞተሩ በወጣበት ቦታ እንደ ሳጥን የሚገባና መልሶ የሚወጣ ነገር አሳየ፣ አንድ ቀን የድሮውን ሞተር ልመልስ ብትል ምንም ሳትቆርጥ ትመልሳለህ ማለት ነው። ይሄ ሀሳብ ልቤን ገዛው። የዓለም የታሪካዊ መኪኖች ፌዴሬሽን ፊቫም በ2019 ገደማ የተቀየረ መኪና ታሪካዊ አይባልም ብሎ አቋሙን ሲያሳውቅ የግድ ከቀየራችሁ ግን መመለስ በሚችል መልኩ ይሁን ነው ያለው። እኔ እዚህ ላይ ከፊቫ ጋር ነኝ፣ ላሜራ መቁረጥ ሀጢአት ነው። የአጎቴ ሞተር አሁን ግሪስ ተቀብቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል፣ መኪናዋ ላይ አንድም የተቆረጠ ነገር የለም፣ ሁሉም በድሮው ቀዳዳ በቡሎን የታሰረ ነው።

ፔጆ ራሱ የሚገርም ታሪክ አለው። በ1941 ፈረንሳይ በጀርመን ስር ሆና ነዳጅ ሲጠፋ ቪኤልቪ የምትባል ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሰርቶ ነበር፣ ጥቂት መቶ ነው የተመረተው። ነዳጅ ሲጠፋ ወደ ኤሌክትሪክ መሄድ የዛሬ 80 ዓመትም ነበረ፣ ይሄን ለአጎቴ ስነግረው እንዴት ደስ እንዳለው። ሁሉም ፋብሪካ በአንድ ፍጥነት ነው የሚሄደው ማለት ግን አይቻልም፣ ቢዋይዲ በ2022 ንጹህ የነዳጅ መኪና ማምረት አቁሟል፣ ቮልቮ ደግሞ በ2030 ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ እሆናለሁ ብሎ በ2024 መስከረም በፈረንጅ ሀሳቡን አላልቷል፣ ኖርዌይ ግን በዛው ዓመት ከ10 አዲስ መኪና ወደ 9ኙ ኤሌክትሪክ ነበር። አገርና ፋብሪካው ይለያያል። የኛ አገር ጉዳይ ለየት የሚለው መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመጣ ሆኖ ነዳጁ ግን በዶላር ተገዝቶ አብዛኛው በጅቡቲ መምጣቱ ላይ ነው፣ የህዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት ይዞ 2017 ጳጉሜን ላይ ተመርቋል፣ የሂሳቡ አቅጣጫ ግልጽ ነው።

ለራሳችን ህግ ያደረግነው የፈረንሳይን ነው። እነሱ በፈረንጅ በ2020 ባወጡት ደንብ አምስት ዓመት ያለፋት መኪና መቀየር ትችላለች፣ ግን ጉልበቷ ከድሮው ሞተር በላይ እንዳይሆን፣ ክብደቷም ከ20 ፐርሰንት በላይ እንዳይለወጥ ይላል። ፔጆዋ ስትሰራ 1,070 ኪሎ ገደማ ናት፣ ስለዚህ ጣሪያችን 1,280 ነው። ሞተሩን፣ ራዲያተሩን፣ የነዳጅ ታንኩንና ማርሚታውን ስናወርድ ወደ 200 ኪሎ ቀነስን፣ ያስገባነው ደግሞ 350 ገደማ ነው፣ 1,220 ላይ ቆመች።

ሞተሩ ከተጋጨች ኒሳን ሊፍ፣ ማለት ከጃፓኗ ኤሌክትሪክ መኪና፣ የወጣ ነው፣ ዱባይ ያለ ዘመድ ነው ፈልጎ የላከው። የሊፏን ባትሪ ግን አልወሰድኩም፣ የሊፍ ባትሪ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሲስተም የለውም፣ ሙቀት አገር ላይ ቶሎ ይደክማል፣ የድሬን ፀሀይ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሙቀት ይበልጥ የሚችለውን ኤልኤፍፒ የሚባለውን የሊቲየም ባትሪ አይነት መረጥን፣ እያንዳንዷ ሴል 3.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት፣ 112 ሴል ተከታትለው ሲታሰሩ 358 ቮልት፣ በድምሩ 36 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ከቮልሷ ጋር አንድ አይነት ማለት ይቻላል። 48ቱ ፊት ኮፈን ስር ናቸው፣ 64ቱ ኋላ። እዚህ ላይ ከልብ የምለምናችሁ ነገር አለ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ አውቃለሁ የሚል ሰው 12 ቮልት ነው የሚያውቀው፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ፣ 358 ቮልት ዲሲ ያለ ጓንትና ያለ ማቋረጫ ከነካህ ሁለተኛ እድል አይሰጥህም፣ ለብቻህ ሆነህ በጭራሽ አትስራው።

ባትሪውን ልንገዛ ስንል ሐምሌ 2016 ላይ ብር ተንሳፈፈ፣ 57 የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከጠቅላላው ወጪ ከግማሽ በላይ የበላው ባትሪው ነው። አጎቴ የሀረር ቤቱን አንድ ክፍል ዘግቶ አከራየ፣ እኔም የእጅ ዋጋ አልቆጠርኩም፣ ካልሆነ አይሆንም ነበር።

ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን አልነካንም፣ መሪው ስር ያለው ማርሽ እንዳለ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውን ፍላንጃ የሰራልን ድሬ ያለ ሽማግሌ ቶርኖ ሰራተኛ ነው፣ ልጅ ሆኖ ምድር ባቡር ወርክሾፕ የተማረ። ሶስት ቀን ለካ። መጀመሪያ የድሮውን ሞተር ጀርባ በካርቶን ነው የገለበጠው፣ ካርቶኑን በእርሳስ ጥላሸት እያሸ የእያንዳንዱን ቡሎን ቀዳዳ አወጣ፣ ከዛ መሀሉን ለማግኘት መለኪያውን ዘንጉ ላይ አስሮ በጣቱ ቀስ እያለ አዞረው፣ መርፌዋ ትንሽ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ምላሱን ነቅነቅ እያደረገ ይመልሰዋል። መሀሉ በጸጉር ታህል ከሳተ ኩሽኔታው በወር ያልቃል አለኝ። ዛሬም ድረስ አንድም ንዝረት የለም።

ሌላው ትልቅ ነገር ዲፈረንሻሉ ነው። የ404 ዲፈረንሻል እንደሌሎቹ አይደለም፣ ቪት ነው፣ ማለት ብሎን የመሰለ ብረት የነሀስ ጥርስ ያዞራል፣ ድምጽ የሌለው ለዛ ነው። የሊፍ ሞተር ጉልበት ግን የድሮው ሞተር ከሚሰጠው ሁለት እጥፍ ይሆናል፣ ያውም ከዜሮ ጀምሮ ነው የሚሰጠው፣ ያንን ለቀህበት ነሀሱን ታረግፈዋለህ። ስለዚህ በኮንትሮለሩ፣ ሞተሩን በሚያዘው ኤሌክትሮኒክስ፣ ከድሮው ጉልበት እንዳያልፍ ገደብነው። አጎቴ ታዲያ "ያለውን ጉልበት ለምን ትሰስትብኛለህ?" ብሎ ተቀይሞኝ ነበር፣ ነሀሱን አውጥቼ በእጁ ሳስነካው ነው የገባው።

አሁን ወደ ዳገቱ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መንገዱ ደንገጎ ላይ ወደ 2,000 ይጠጋል፣ ከዛ በሀሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሀረር ይገባል፣ በድምሩ 55 ኪሎሜትር አካባቢ። አራት ሰው ጭና 1,500 ኪሎ ብትሆን 800 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ጉልበት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከብክነቱ ጋር 4 በሉት። ለሁሉም ሰው ያስፈራው ተራራ ባትሪው ውስጥ ይቺን ታህላለች፣ ከአስር አንድ እጅ። ሜዳ ላይ ለመንከባለሉ 8 ጨምሩበት፣ 12። 2017 ዓ.ም. ላይ፣ የዓመቱ ቦሎ ገና ሳያልቅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከድሬ ተነሳን፣ ሀረር በር ስንደርስ ከባትሪው 34 ፐርሰንት ነበር የሄደው፣ ሂሳቡ ቁጭ ብሎ ነበር። ፈረስ መጋላ ገብተን መኪና ግርግር አፍ ላይ ስንቆም የልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀር ከኛ መኪና በላይ ይሰማል። ሰው ከበበን፣ አጎቴ አለቀሰ፣ እኔም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የሆነው። የአጎቴ ልጅ ደንገጎ አናት ላይ ቤት አላት፣ እሷ ጋር አድረን ጠዋት ወደ ድሬ ልንወርድ ነው። ማታ ሰካናት፣ ሌሊቱን መብራት አልሄደም፣ ጠዋት 100 ፐርሰንት። ሙሉ ሲል ደስ አለን። አጎቴ ነው የነዳው። መውረጃው ላይ እንደ ልማዱ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ዕድሜውን ሙሉ ደንገጎን የወረደው በሁለተኛ ነው፣ ሞተሩ እየያዘለት ፍሬን ሳይነካ ማለት ይቻላል። መኪናዋ ግን አልተያዘችም፣ መፍጠን ጀመረች። እኔ ወዲያው አልገባኝም፣ ሌላ ጊዜ እግርህን ስታነሳ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ተቀይሮ ይይዝሀል፣ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፣ መቆጣጠሪያው ሴሎቹን ለማዳን ብሎ ሙላቱን ዘጋው፣ በዛው መያዣውም ጠፋ። ከ1,200 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር በ60 ዓመት ታምቡር ፍሬን ብቻ ተራራ እየወረደ ነው።

ስንት መጠምዘዣ እንዳለፍን አላውቅም፣ መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ፣ ከዛ ፔዳሉ ለሰሰ። ከታች ሲኖትራክ እያቃሰተ እየወጣ ነው። አጎቴ መሪውን ወደ ተራራው ጎን ሰብሮ የእጅ ፍሬኑን እየጎተተ አፈሩ ላይ አሸት አሸት አድርጎ አቆማት። ከቸርኬው ጭስ ይወጣል። ለብዙ ደቂቃ አልተናገረም፣ ከዛ እንዲህ ብቻ አለኝ፣ "ሁለተኛ አስገባሁ፣ የሚይዘኝ ሞተር የለም።"

ጥፋቱ የኔ ነው። ዳገቱን ሳሰላ ያወጣሁት 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ሲወረድ የሆነ ቦታ መግባት እንዳለበት አላሰብኩም፣ ወይ ባትሪ ውስጥ ይገባል ወይ ፍሬን ላይ ሙቀት ይሆናል፣ በጎማና በንፋስ ከሚባክነው ጥቂት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ቮልስዋገን ፍሬኑን ያጠናከረው ለክብደቱ ነው ብዬ አልፌው ነበር፣ ለኛ ግን ከክብደቱም በላይ ቁልቁለት ነው። አዲሶቹ ፋብሪካ የሰራቸው መኪኖች ይሄን አውቀው መያዣው ሲቀንስ ዳሽቦርድ ላይ ያሳያሉ፣ እኛ በእጃችን የሰራናት ግን ማንም ካልነገራት አትናገርም።

ያስተካከልነው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ አናት ላይ ከ80 ፐርሰንት በላይ አትሞላም፣ ድሬ ስትሆን ግን ሙሉ ትችላለህ፣ ከታች ወደ ላይ ነውና የምትሄደው። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ኤልኤፍፒ ላይ ቮልቴጅ አይተህ 80ን ማወቅ አትችልም፣ መሀል ላይ ሙሉም ጎዶሎም ሆኖ ቮልቴጁ አንድ አይነት ነው፣ የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር ሻንት ማሰር ነበረብን። ሁለተኛ፣ ሀረር ከሞተች የኋለኛ ሞዴል 404 ላይ የፊት ዲስክ ፍሬን ከነሰርቮው፣ ማለት የፔዳሉን ግፊት ከሚያግዘው እቃ ጋር፣ ፈታን፣ ሰርቮ ደግሞ ከሞተር በሚመጣ ቫኩም ነው የሚሰራው፣ ሞተር የለንም፣ ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሰራ የቫኩም ፓምፕ ገባ። ሰርቮ ያለው መኪና የምትቀይሩ ይሄን ፓምፕ እንዳትረሱ። የፍሬን ዘይቱም በሙሉ ተቀየረ። ሶስተኛ፣ መያዣው ሲዘጋ የሚበራ ቀይ መብራትና የሚጮህ ነገር ነጂው ፊት አሰርኩ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው፣ አጎቴ በጆሮው ነው የሚነዳው፣ ሞተሩን ሰምቶ ነው የሚያውቀው፣ ጆሮውን ወስደን ምትክ አልሰጠነውም ነበር።

የወረቀቱ ጉዳይ አሁንም አላለቀም። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፣ ነዳጅ የሚለው ላይ ቤንዚን ይላል። ለዓመታዊ ምርመራ ስንወስዳት መርማሪው ልጅ የጭስ መለኪያውን ይዞ ማርሚታዋን ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣ ሲያጣው አለቃውን ጠራ፣ አለቃው ሌላውን ጠራ። ሰዎቹ ክፋት የለባቸውም፣ መሙያ ፎርም ነው የሌላቸው፣ ከፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሆኖ ለመጣ መኪና መንገድ አለ፣ ለተቀየረ ግን እኛ አላገኘንም። ማመልከቻ ከነፎቶው፣ ከነሽቦው ንድፍ፣ የፍሬን ፍተሻውንም ጨምረን አስገብተናል። የፈረንሳዩ አይነት አጭር ደንብ፣ ክብደት፣ ጉልበት፣ ፍሬን፣ የከፍተኛ ቮልት መከላከያ፣ ይሄን የሚል ሁለት ገጽ ነገር እኛም አገር ቢወጣ የሀረር ፔጆዎች ቁራሽ ብረት ሆነው ከማለቃቸው በፊት የተወሰኑት ይተርፉ ነበር። ከተማ ውስጥ በዝግታ የሚመላለስ፣ ማታ ቤቱ የሚያድር ታክሲ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ልሂድባት ለሚል ሰው ግን አልመክርም።

ፈቃዱ እስኪመጣ አጎቴ ግቢው ውስጥ ነው የሚያንቀሳቅሳት። ከመቆሟ በፊት ግን አንድ ጊዜ ደግመን ወርደናል፣ እሱ ነድቶ። ማታ የልጁ ልጅ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፣ ቆጣሪው ፊት ኩርሲ ይዛ ተቀምጣ ጠበቀች፣ 80 ሲል ሮጣ ነቀለችው። ጠዋት መውረጃው ላይ ሁለተኛ አስገባ፣ እግሩን አነሳ፣ መኪናዋ ተያዘች። ድሬ እስክንገባ የነካው ፍሬን ይቆጠራል፣ ለገሀር ጋ ስንቆም ወርጄ ቸርኬውን በእጄ ነካሁት፣ ለብ ብሏል እንጂ አላቃጠለኝም።